ከአማቴ ጋር የቀለብኋቸው አምስት ጠጠሮች

ዓመቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ትልቋ ልጄ ትርንጎ የተወለደችበት ዓመት መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው፤ የእሷን ዕድሜ ደግሞ እኔም ሆንኩ እናቷ በወጉ ጽፈን አላስቀመጥነውም። ሙክት በግ ሃያ ብር አወጣ ተብሎ ቀየት ገበያ ጉድ ያለበት፣ ጥቁር በርኖስ የደረበ ሰው ገና ከሩቅ መቀመጫ የሚለቀቅለት፣ የላስቲክ ጫማ በየቤቱ ያልገባበት ዘመን ነበር። አንድ ነገር ግን አይጠፋኝም፤ በዚያ ዓመት የበልጉ ደመና ቀድሞ መጥቷል። እጄን ታቅፌ ደጅ ቁጭ ብዬ፣ ዛሬ ጣለ ነገ ጣለ እያልኩ አሻቅቤ ሳየው ስለከረምኩ የዚያን ደመና መልክ ዛሬም ልሥልላችሁ እችል ነበር፤ እጄ ቢታዘዝልኝ።

ቀኝ እጄ ሰሞኑን አይታዘዝልኝም። በቀደም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ላማትብ ጣቶቼን ባነሣ ግንባሬን አጡት። ለማንም አልተናገርኩም። ትርንጎ ግን ዓይኗ የእናቷ ነው፤ ጽዋውን በግራዬ ሳነሣ አይታ አፋጠጠችኝ፤ ከገጠር አምጥታም መሐል ሜዳ ከተማ ቤቷ አስቀመጠችኝ። ደብረ ብርሃን ወስዳ ለሐኪም ልታሳየኝ ነው። መኪናው ደግሞ ማታ «ነገ ይወጣል» ይባልና ጠዋት «ለዛሬስ ይቅር» ይባላል። ይኸው አራተኛ ቀናችን። እሷ ክርና ቁልፍ በምትሸጥባት ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሚኒባሱን ጥሩምባ እጠብቃለሁ። ሐኪሙ ምን ይል ይሆን እላለሁ፤ መንገዱስ እላለሁ፤ ደግሞ ጣቶቼን እቆጥራለሁ፤ አምስት ናቸው፤ አሉ፤ ግን የሌላ ሰው ይመስሉኛል። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ከጎኔ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ የሰማሁት። ዞር ብል ሦስት ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ። ጠጠራቸው ለመንገድ ሥራ ከተደፋው የተለቀመ ነው፤ ሹል ነው፤ የእኛዎቹ የወንዝ ነበሩ፤ ለስላሳ። ድምፁ ግን አንድ ነው። ልቤ ደንግጣ ወደዚያ ዓመት ሄደች።

ያን ጊዜ ገና ጎጆ የወጣሁ ጎልማሳ ነበርኩ። ባለቤቴን በለጡን ያገባሁት ከመርሐቤቴ ነው፤ ከጅማ ወንዝ ማዶ፣ ከቆላው አፋፍ። እናቷ ልጃቸውን በአራስነቷ ሊያርሱ ሦስት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጥተው እኛ ቤት ገብተዋል። እንግዲህ ለዛሬ ልጆች ይህ እንዴት እንደሚከብድ ማስረዳት ይቸግረኛል። በእኛ አገር አማችና አማት ፊት ለፊት አይተያዩም ማለት ይቀላል። እሳቸው ሲገቡ እኔ እነሣለሁ፤ እኔ ስገባ እሳቸው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ። እንጀራ ስቆርስ ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። እኔን በልጃቸው ዕድሜ ያለሁትን አንቱ ይሉኛል። እኔማ ስማቸውን በአፌ ልጠራ ቀርቶ ሌላ ሰው ሲጠራው እንኳን አንገቴን እደፋለሁ። «እማማ» ነው የምለው፤ እሱንም ካልቸገረኝ አልልም። ቤቱ ደግሞ አንድ ክፍል ነው። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ምድጃ፣ መጋረጃ ተጥሎ ከበስተጀርባው አራሲቱ። እንዴት እንደምንከርም ሳስበው እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

እሱስ ባልከፋ። እጄን የሰበርኩት ትርንጎ ልትወለድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ በውቂያ ነው። በአውድማው ላይ በሬዎቹን እያዞርኩ ገብሱን ሳስረግጥ ገመዱን በእጄ አንጓ ላይ ጠምጥሜ ያዝኩ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና «በሬ ይዘህ ገመድ አትጠምጥም» ይለኝ ነበር። በሬው በምን እንደደነበረ እንጃ፣ ጎተተኝ። ወጌሻው አሽቶ፣ ስቦ፣ በሸምበቆ ጠፍንጎ አሰረልኝ። በጥር መጨረሻ ሲፈታው አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቹ ግን ሞተዋል። ቢቆነጥጡኝ አይሰማኝ፣ ብጨብጥ አይጨብጡልኝ። ወጌሻው ፊቱን አዞረና «እንግዲህ እሱ ያውቃል» አለ። ወጌሻ እሱ ያውቃል ካለ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

የነበረኝ አንድ በሬ ነው። ጎረቤቴ ጌታነህም አንድ በሬ ነበረው። ሁለቱን በአንድ ቀንበር እናቀናጃቸውና አንድ ቀን የእሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የእኔን እናርሳለን፤ መቀናጆ ይባላል። በዚህ ኑሮ ላይ የእጅ ነገር ቀልድ አይደለም። እርግጥ ጎረቤት ደቦ ወጥቶ ያርስልኛል፤ ግን ደቦ የአንድ ቀን ነው፣ ማሳ ደግሞ ተደጋግሞ ካልታረሰ ገብስ አያበቅል። እርፍ የማይጨብጥ ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ምርቱን ከወገቡ ይካፈላል፤ በዓመቱ በሬውን ይሸጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በየደጁ አይቼዋለሁ። ጌታነህ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምላሱ ግን እንደ ጅራፍ ነበር። በየማለዳው በአጥር ላይ ብቅ ይልና «እህሳ፣ እጅህ ተነሣ ወይስ እንደ ባለቤቱ ተኝቷል?» ይለኛል። «እየተሻለው ነው» እላለሁ። እጄን በርኖሱ ውስጥ ደብቄ ነው የምለው።

ያወቁብኝ አማቴ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ እኔ ከምድጃው ወዲህ ተቀምጫለሁ። እንዝርታቸው አመለጠችና ተንከባላ እግሬ ሥር መጣች። ላነሣ እጄን ሰደድኩ፤ ጣቶቼ እንጨቱን ነኩት፣ አልያዙትም። ደግሜ ሞከርኩ። በግራዬ አንሥቼ ሳቀብላቸው እጄን አይተው ተነሡ። ወጥተው ሄዱ። ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ ከወንዙ የለቀሟቸውን አምስት ጠጠሮች ቋጥረዋል፤ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ፣ ድብልብል። ፊታቸውን እንደተከናነቡ መሬቱ ላይ በተኗቸውና ለመጋረጃው ተናገሩ፤ ለእኔ አይደለም።

«በለጡ፣ ባልሽን ቅልብልቦሽ ያውቁ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ባለቤቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀች። «እማዬ ደግሞ! የሴት ጨዋታ እኮ ነው።»

«እጅ ወንድ ሴት የለውም። ጠይቂልኝ አልኩሽ።»

ለማያውቀው ልንገረው። ጠጠሩ አምስት ነው። አራቱን ትበትናለህ፤ አምስተኛዋን ወደ ላይ ትወረውራለህ። ይቺ የምትወረወረዋ እናት ናት፤ አራቱ ልጆቿ ናቸው። እናቲቱ ሰማይ ላይ ሳለች አንዱን ልጅ ከመሬት ታነሣና በዚያው እጅህ እሷን ከመውረዷ ትቀልባታለህ። አንድ በአንድ ሲያልቅ ሁለት ሁለቱን፤ ቀጥሎ ሦስቱን ባንዴ አንዱን ለብቻው፤ ቀጥሎ አራቱንም ጠርገህ። ከዚያ በረት አለ፤ የግራ እጅህን ጣቶች መሬት ላይ እንደ በር ትተክልና እናቲቱ ላይ ሳለች ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ትነዳቸዋለህ፤ እንደ በግ። መጨረሻ ላይ አምስቱንም ወርውረህ በእጅህ ጀርባ ትቀበላለህ፤ የቀሩልህን እንደገና አንሥተህ በመዳፍህ ትጨብጣለህ። ከወደቀብህ ተራው የሌላው ነው። ሁለትም ሆነው፣ አራትም ሆነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ መጫወት ይችላል። የተሸነፈ የእጁ ጀርባ ይቆነጠጣል። እሳቸው ሲወረውሩ የሚሏት ግጥም ነበረቻቸው፤

ውጪ እናቲቱ፣ ሰማዩን አይተሽ፤
ልጆችሽ ሳይበተኑ ነይ ተመልሰሽ።

ግጥሟን የምትጨርስባት ጊዜ እናቲቱ ወጥታ የምትመለስባት ጊዜ ናት። ከግጥሙ ከዘገየህ ወደቀች። የመጀመሪያዎቹን ቀኖች መቅለብ ብቻ ሳይሆን መወርወርም አልቻልኩም፤ ጠጠሯ ከእጄ እንደ እንባ ዱብ ትላለች። ላብ ያጠምቀኛል። በሩን ዘግተን ነው፤ ሰው መጣ ሲባል ጠጠሩ ምድጃ ሥር ይገባል፣ እሳቸው ወደ እንዝርታቸው፣ እኔ ወደ ግድግዳው። አንድ ጊዜ ሁለተኛዋን ጠጠር ሳላነሣ ስቀር አማቴ ወጉን ረሱትና «አንተ ቀርፋፋ!» አሉኝ። ከዚያ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ከመጋረጃው ወዲያ በለጡ ሕፃኗን እስክታስለቅስ ድረስ ሳቀች።

መሸነፍማ ተሸንፌያለሁ። ሕጉ ሕግ ነው፣ ይቆነጠጣል፤ ግን አማት አማቿን እንዴት ብላ ትቆነጥጥ? እሳቸው መላ አላጡም። «በለጡ፣ ቆንጥጪልኝ» ይላሉ። እጄን በመጋረጃው ሥር አሳልፋለሁ፤ በለጡ ትቆነጥጣለች፤ እኔ ምንም አይሰማኝም። አውጥቼ ሳየው ቀልቷል። ይህን ስንት ቀን እንዳደረግን እንጃ። ደመናው በየቀኑ ከወደ ግሼ እየወፈረ ይመጣል፤ ጌታነህ ማረሻውን እያስሳለ ነው፤ እኔ ጠጠር እጥላለሁ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ እጄን በመጋረጃው ሥር ሰደድኩ፣ በለጡ ቆነጠጠች፣ «ውይ!» አልኩ።  «ምን አሉ?» አሉ እሳቸው። «ውይ አሉ» አለች በለጡ። እሳቸው ተነሥተው ወደ ውጪ ወጡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጭሱ ነው አሉ።

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጣቶቼ መንቃት ሲጀምሩ ስስት ያዘኝ። ቤት የምንጫወተው አልበቃኝ አለ። አምስቱን ጠጠር በኪሴ እየያዝኩ ሰው ወደማይደርስበት አውድማ ጥግ እሄድና ብቻዬን ቁጢጥ ብዬ እለማመዳለሁ፤ ግጥሟንም በለሆሳስ እላለሁ። ጌታነህ በሬውን ፍለጋ መጥቶ ከካቡ ጀርባ ቆሞ ሲያየኝ እንደነበረ አላወቅሁም። እንግዲህ በእኛ አገር ጎልማሳ ወንድ ጭር ያለ ቦታ ብቻውን ቁጢጥ ብሎ ጠጠር ሲበትን፣ ሲያነሣ፣ ሲያጉተመትም ያየ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ጠጠር ጣይ ሆኗል፤ ይጠነቁላል። በዚያ ላይ «ውጪ፣ ነይ» ስል ሰምቷል። በማግስቱ ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ሳይል ቀረ። ቀትር ላይ መጥቶ ከደጅ ሳይገባ ቆመ።

«እኔ በሬዬን ከሌላ ጋር ላቀናጅ ነው» አለኝ።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«የሆንከውማ አንተ ነህ። እጅህን በምን እንደምታድን አይቻለሁ። የምትጠራትን መንፈስ እዚያው ራስህ ቤት ጥራት። የእኔን በሬ ከእንዲህ ያለ ቤት በሬ ጋር አንድ ቀንበር አላስገባም።»

አንድ ቃል ቢበቃኝ ኖሮ! ቅልብልቦሽ ነው ብል ያልቅ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? ከማን ጋር ትጫወታለህ ቢለኝስ? ከአማቴ ጋር በር ዘግቼ የልጃገረድ ጨዋታ እጫወታለሁ ልበል? ጠንቋይ መባሉ ቀለለኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ደግሞ እሱ እንደ እምነት ቃል ወሰደው። ወሬው በሁለት ቀን መንደሩን አዳረሰ። ወንዝ ስወርድ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። የነፍስ አባታችን በእኛ ደጅ አልፈው ሲሄዱ አልገቡም። ዝናቡ የዛሬ ሳምንት ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ የሚቀናጀኝ ሰው የለም፤ እጄ ግማሹ ነቅቷል፤ ግማሹ ገና ነው።  አማቴ ይህን ሁሉ ከማን እንደሰሙት አላውቅም። ቅዳሜ ማታ ነጠላቸውን አጠቡ፤ እሱን ነው ያየሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ነበር። ሰዉ ሁሉ በዋርካው ሥር ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል። እኔ ጥግ ይዣለሁ፤ ከጎኔ የተቀመጠ የለም። እሳቸው ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው፣ እንግዳ ናቸው፣ ማንም በቅጡ አያውቃቸውም፣ ቀጥ ብለው ወደ ጌታነህ ሄዱ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ፊታቸውን ያን ቀን ነው መጀመሪያ በሙሉ ያየሁት።

«ልጄ፣ አማቼ ጠጠር ይጥላሉ ያልከው አንተ ነህ?»

ጌታነህ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም፣ እማማ። ያየሁትን ነው የተናገርኩ።»

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አምስቱን ጠጠሮች መሬት ላይ አፈሰሷቸው። «ይኸን ነው?»

«እሱን ነው! ‹ነይ› እያለ ይጠራታል።»

«ማንን?»

«እኔ ምን አውቄ! የምትመጣዋን!»

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ይምጡ፣ ይቀመጡ» አሉኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አልኩ። እሳቸው ጀመሩ፤ ግጥሟን ጮክ ብለው እያሉ አንድ በአንድን ጨረሱና ተራውን ሰጡኝ። አንዲት አሮጊት «ውይ በሞትኩት! አማትና አማች!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ግን በጣቶቻቸው መካከል ያያሉ።  እናቲቱን ወረወርኩ። አነሣሁ። ቀለብኩ። ሴቶቹ ከየት መጡ ሳልል ከበውናል፤ «ሁለት ሁለቱን!» ይላሉ፤ «ኧረ በረቱን ቶሎ! ግልገሉ ቀረ!» ይላሉ። መጨረሻ ላይ አምስቱን በእጄ ጀርባ ስቀበል ሁለቱ ወደቁ፤ ሦስቱ ቀሩ። እሳቸው አምስቱንም ቀለቡ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪያነቡ ሳቁና «የተሸነፈ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

«ይቆነጠጣል፣ አባቴ። እኔ ግን አማቼን አልቆነጥጥም፤ ነውር ነው» አሉ እሳቸው። ይህን ያሉት ያን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ነው። «አንተ ና፣ ጠንቋይ ያልከው፤ ቆንጥጥልኝ።»

ጌታነህ መጣ። እጄን በሁለት እጁ ያዛት። ቆነጠጠኝ፤ ዘለልኩ። እጄን ሳይለቅ «ሞቃለች» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሰዉ እንዳይስቅበት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጨዋታ እርሻ አይደለም! ነገ እርፉን ጨብጥና አሳየኝ» አለ።

ሰኞ ማለዳ በሬውን ይዞ መጣ። ጠመድን። እርፉን ስጨብጥ ክንዴ እስከ ብብቴ ነደደኝ። የመጀመሪያው ፈር እንደ እባብ ሄደ። መሐል ማሳ ላይ ስደርስ ጣቶቼ መላላት ጀመሩ፤ ማረሻው ብቅ አለ፤ አለቀልኝ አልኩ። ሌላ መላ ሳጣ ግጥሟን ያዝኩ፤ ውጪ ስል እለቃለሁ፣ ነይ ስል እጨብጣለሁ። ጌታነህ ከኋላዬ እየተከተለ «አሁንም ትጠራታለህ?» አለኝ። «እየመጣች ነው» አልኩት። ሳቀ። በሬዬን ነገም አመጣዋለሁ አለ፤ አመጣውም። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጣለ። ሦስቱም ቀን ያረስኩት ማታ ማታ እጄን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ እያለቀስኩ ነው፤ ግን አረስኩ። ከዚያ ወዲህ አርባ ምናምን ዓመት በዚያች እጅ አርሻለሁ።

እሳቸው የከፈሉትን የሰማሁት ቆይቼ ነው። አገራቸው ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል፤ ሰንበቴ ላይ ከአማቿ ጋር ጠጠር የቀለበች እየተባሉ እስኪሞቱ ድረስ ተዘበተባቸው። ለእኔ አንድ ቀን አላነሡብኝም። ከዚያች እሑድ በኋላም በእኔ ፊት ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው አያውቁም፤ አንተ ብለውኝም አያውቁም። እኔም ላመሰግናቸው ስል ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ «እማማ» ብዬ ቀረሁ።

ትርንጎ ከሱቋ ወጣች። «አባዬ፣ ነገ በጠዋት መኪና ይወጣል አሉ።»

«አሉ?»

«አሉ።»

ከልጆቹ ተራ ጠየቅሁ። አንደኛዋ «አባባ ይችላሉ እንዴ?» ብላ ሳቀችና አምስቱን ጠጠር መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወረወርኩ፤ ወደቀች። ደግሜ ወረወርኩ፤ ወደቀች። ትርንጎ ቀሚሷን ሰብስባ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች፤ እናቷ አስተምራታለች ለካ፤ አንድ በአንድን ሳትተነፍስ ጨረሰች። ከዚያ እጄን ሳበችና የጀርባውን ቆዳ ቆነጠጠች። ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። የሆነ ነገር ተሰማኝ፤ ሩቅ ነው፣ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ድምፅ። ተሰማኝ ወይስ እንዲሰማኝ ፈልጌ ነው? እሱን ነገ ሐኪሙ ይለየዋል። «ድገሚልኝ» አልኳት።

እስከዚያው፣ አማች የአማቱን ስም አይጠራም ብዬ ይህን ሁሉ ዘመን በአፌ ያላነሣሁትን፣ ትርንጎም አያቷን እማማ ከማለት በቀር በስማቸው ስጠራቸው ሰምታኝ የማታውቀውን፣ በዚህች በማትታዘዝ እጄ ልጽፈው ነው። ፊደሉ ቢጣመም እንደ መጀመሪያው ፈር ቁጠሩልኝ። እጄን ያዳኑልኝ ወይዘሮ ይመኙሻል ናቸው።